ምሁሩ ባትሪ ሲያክም

ምሁሩ፦ ንቀለው አልኩህ።

እርጋታ፦ ከነቀልኩት ይጠፋል ጋሼ።

ምሁሩ፦ ይጥፋ። አንድ ሶኬት ለሁለት ሰው ሲሆን ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው?

እርጋታ፦ ቀድሞ ለሰካ።

ምሁሩ፦ ለሚያስፈልገው ነው።

እርጋታ፦ እሺ፣ ያንተ ስልክ ስንት አለው?

ምሁሩ፦ ስድሳ አራት ፐርሰንት።

እርጋታ፦ የእኔ ሦስት ነው ያለው።

ምሁሩ፦ እዚህ ላይ ነው የምትሳሳተው። እኔ አሁን ልሰካ አይደለም።

እርጋታ፦ ታዲያ ለምን ልንቀል?

ምሁሩ፦ ባዶ ሆኖ እንዲጠብቀኝ ነዋ። የእኔ ስልክ ዛሬ ሕክምና ላይ ነው። መጀመሪያ እስከ ዜሮ ይወርዳል። ዜሮ በገባ በደቂቃው ይሰካል። ከዚያ ተዘግቶ፣ ማንም ሳይነካው፣ መቶ እስኪሞላ ይተኛል። ያኔ ሶኬት ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ካልኩ ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ።

እርጋታ፦ ዛሬ?

ምሁሩ፦ ዛሬ።

እርጋታ፦ የሆቴሉ ሴትዮ የሚደውሉት ዛሬ መስሎኝ።

ምሁሩ፦ ስለሚደውሉ እኮ ነው።

[እርጋታ የሚያጸዳውን ቶንዶስ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያስባል። በምሁሩ ወንበር ላይ የተቀመጠው ጡረተኛ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ በመስታወቱ ውስጥ ሁለቱን በየተራ ያያቸዋል።]

ቤቱ ሁለት ወንበር፣ አንድ ረጅም መስታወትና ሁለት ሶኬት ያለው ፀጉር ቤት ነው። አንደኛውን ሶኬት ቶንዶሱ ይዞታል። ሁለተኛው ላይ የእርጋታ ስልክ ጠዋት ተሰክቶ ቤቱ ሲዘጋ ይነቀላል፤ ባትሪው ከመድከሙ የተነሳ ገመዱ ሲወጣ ስልኩም አብሮ ድርግም ይላል። ስለዚህ እርጋታ በስልክ የሚያወራው ግድግዳ ተደግፎ ነው። ወዳጆቹ ሲደውሉለት የት ነህ ብለው አይጠይቁትም።

ምሁሩ የሚለውን ስም ደንበኞች ያወጡት ለፌዝ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ተቀብሎ በመስታወቱ ጥግ አስጻፈው። ሃያ ዓመት ፀጉር ሲቆርጥ ያልመለሰው ጥያቄ የለም፤ የኩላሊት ጠጠርም ይሁን የአገር በጀት፣ መልሱ ገና ጥያቄው ሳያልቅ ዝግጁ ነው። እርጋታ የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። እሱን እርጋታ ያለው ደግሞ ምሁሩ ራሱ ነው፤ የአንድ ሰው ፀጉር ለመቁረጥ አንድ ሰዓት ይፈጅበታልና። የሚስቴ አደራ ባይሆንብኝ እንዳንተ ያለ ቀርፋፋ በዚህ ቤት አንድ ቀን አያድርም ይለዋል፣ በየሳምንቱ፣ እንዳይረሳው።

አሁን ግን ቤቱ ራሱ ሊሄድ ነው። የሕንጻው ባለቤት ለመድኃኒት መደብር ስላከራየው በወሩ መጨረሻ ለቀው መውጣት አለባቸው። ሁለቱን ወንበሮች ወዴት እንደሚወስዳቸው ምሁሩ አያውቅም፤ አለማወቁን ደግሞ ለማንም አልተነፈሰም።

ባለፈው ሳምንት ነው በሩ የተከፈተለት። ከመንገዱ ማዶ ሥራ ሊጀምር ያለው ትልቅ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ አንዲት ቆፍጠን ያሉ ሴት፣ ሽማግሌ አባታቸውን ፀጉር ሊያስቆርጡ ይዘው መጡ። እርጋታ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆረጠ፤ ምሁሩ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳ። ሽማግሌው በመስታወቱ ራሳቸውን አይተው ፈገግ ሲሉ ሴትዮዋ ነገሩን አወጡት። ለሆቴላቸው አንድ ዋና ፀጉር አስተካካይ ይፈልጋሉ፤ ቦታው አንድ ብቻ ነው፤ ሌሎችም ያመለከቱ አሉ፤ በዛሬዋ ዕለት ከምሳ በፊት ይደውላሉ፤ ስልክ የማያነሳ ሰው ካለ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ቅጽ ሰጡት። ቅጹ የስልክ ቁጥር የሚጻፍበት ሁለት መስመር ነበረው። ምሁሩ በመጀመሪያው የራሱን ጻፈ። ሁለተኛው ባዶ ሲቀር ደግሞ የድሃ ቅጽ መሰለበትና የእርጋታን ቁጥር ሞላበት፤ ከጎኑም «ጸሐፊዬ» የምትል ቃል ጨመረ። ይህን ለእርጋታ አልነገረውም። በማግስቱ ራሱም ረሳው።

እርጋታ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?

ምሁሩ፦ ጠይቅ። ካልጠየቅክ ከየት ታውቃለህ።

እርጋታ፦ ስልኩ ተዘግቶ ሳለ ቢደውሉስ?

ምሁሩ፦ አይደውሉም።

እርጋታ፦ እንዴት አወቅክ?

ምሁሩ፦ ሥራ አስኪያጅ ናቸው። ሥራ አስኪያጅ ከምሳ በፊት ካለ ለምሳ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ጠዋት ስብሰባ ነው። ከዚያ ሻይ ነው። ከዚያ ሻዩ ለምን ዘገየ ተብሎ ሌላ ስብሰባ ነው። አንተ የቢሮ ሥራ አታውቅም።

እርጋታ፦ አላውቅም።

ምሁሩ፦ እኔ እስከዚያ መቶ ሞልቼ እጠብቃቸዋለሁ። አስበው እስቲ፤ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ልብስ፣ ከእጄ በታች ስለሚሆኑ ሰዎች እየተነጋገርን ስልኬ መሃል ላይ ጭጭ ቢል? ምን ይሉኛል?

እርጋታ፦ ስድሳ አራት ፐርሰንት ለስንት ሰዓት ወሬ ይበቃል?

ምሁሩ፦ ለአምስት ሰዓት አያንስም።

እርጋታ፦ ሴትዮዋ ወሬ ይወዳሉ ማለት ነው።

[ምሁሩ ምላጩን አስቀምጦ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። ጡረተኛው አንድ ጉንጩ ተላጭቶ አንዱ ቀርቷል።]

ምሁሩ፦ ና ወደዚህ። ሴቲንግ ገባሁ። ባትሪ አልኩ። የባትሪ ጤንነት አልኩ። አንብብልኝ።

እርጋታ፦ ዘጠና አንድ ፐርሰንት።

ምሁሩ፦ ስገዛው መቶ ነበር። ዘጠኙ የት ገባ?

እርጋታ፦ ከገዛኸው ሁለት ዓመት ሆነው እኮ።

ምሁሩ፦ ዘጠኙ የት ገባ ነው ያልኩህ።

እርጋታ፦ ያው ያረጃል። ስልክ ጠጋኙ እንደነገረኝ ከሆነ...

ምሁሩ፦ የጠጋኝ ወሬ እዚህ ቤት አታምጣ።

ጠጋኙ የነገረው ነገር ረጅም አልነበረም። ባትሪ እያገለገለ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከሰማንያ በታች ሲወርድ መቀየር ነው፤ እስከዚያው ሙቀት አታብዛበት፣ ዜሮ እስኪገባ አትጠብቅ፣ ሃያ ግድም ሲደርስ ስካው፣ ለቀረው አትጨነቅ ነበር ያለው። የእርጋታ ባትሪ ከስልሳ በታች ወርዶ ስለነበር እንዲያስቀይር መክሮታል፤ እርጋታም እያስቀየርኩ ነው እንዳለ ዓመት ሞላው። ምሁሩ ይህን ሁሉ ሰምቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ጠጋኝ እንጀራው የሚገኘው ከተበላሸ ስልክ ከሆነ፣ እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ምስጢር ለአንተ ምን ብሎ ይነግርሃል አለው። እርጋታ መልስ አጣ። ለምሁሩ ደግሞ ሰው መልስ ካጣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ምሁሩ፦ የመጀመሪያዋን ገመድ አልባ ቶንዶሴን ታስታውሳለህ?

እርጋታ፦ ያቺ ሰው የምትነክሰዋን?

ምሁሩ፦ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለችኝን። ለምን ይመስልሃል? ዜሮ ሳትገባ ሰክቻት አላውቅም። መሃል ላይ ከሰካሃት መሃሉን ትለምዳለች። ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ደከመኝ ትላለች። ስልክም ያው ነው።

እርጋታ፦ የድሮ ባትሪና የአሁን ባትሪ ሥሪታቸው ይለያያል ይባላል።

ምሁሩ፦ ማን ነው የሚለው?

እርጋታ፦ ጠጋ...

ምሁሩ፦ ፀጉር የድሮና የአሁን የሚባል አለው?

እርጋታ፦ የለውም።

ምሁሩ፦ በቃ።

[እርጋታ የፀጉርን ነገር ከባትሪ ጋር ለማገናኘት ሲሞክር ፊቱ ይጨማደዳል። ከዚያ ይተወዋል።]

እርጋታ፦ ዘይቱም ከቶንዶሷ የመጣ ነው?

ምሁሩ፦ የቱ ዘይት?

እርጋታ፦ ትናንት ቻርጀር በሚገባበት ቀዳዳ ያንጠባጠብከው።

ምሁሩ፦ ሁለት ጠብታ ናት። ብረት ከብረት የሚነካካበት ቦታ ሁሉ ዘይት ይፈልጋል። ይህን ያልተማረ ሰው ፀጉር ቤት ምን ይሠራል?

እርጋታ፦ ከዚያ ወዲህ ገመዱ አልይዝ እያለ ይወጣል ስትል ሰምቼህ ነው።

ምሁሩ፦ አልያዘም አላልኩም። ተንሸራተተ ነው ያልኩት። ዘይቱ መሥራቱን በምን ታውቃለህ ታዲያ?

ምሁሩ ሕክምናውን ጀመረ። የስልኩን መብራት አበራ። የስክሪኑን ብርሃን ጫፍ አደረሰው። የኳስ ቪዲዮ ከፈተበት። ስልኩ እየጋለ ሄዶ በእጅ አልያዝ ሲል በፎጣ ጠቅልሎ ያዘው፤ ፎጣው ሙቀቱን እንደሚመጥለት ለጡረተኛው አስረዳ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ቢያየው አርባ ስምንት ላይ ነው። አልወርድም ማለቱ አናደደው፤ ለጥፋት ሲሆን ባትሪ እንዴት እንደሚጠነክር ተገረመ። እርጋታ ስልኩን ተቀብሎ ሴቲንጉን ከፈተ።

እርጋታ፦ ጋሼ፣ ይሄ ዝርዝር ምንድን ነው?

ምሁሩ፦ ባትሪውን ማን ማን እንደበላው የሚያሳይ ነው።

እርጋታ፦ አንደኛ የወጣው ማነው?

ምሁሩ፦ ቪዲዮው ይሆናላ።

እርጋታ፦ ቪዲዮው ሦስተኛ ነው። አንደኛው «የባትሪ ዘብ» ይላል። ሃምሳ ሰባት ፐርሰንት።

[ምሁሩ ስልኩን ቀምቶ ያያል።]

ምሁሩ፦ እሱ የእኔ አፕ ነው። የባትሪውን ጤንነት ቀን ከሌት የሚጠብቅ።

እርጋታ፦ ከማን ነው የሚጠብቀው?

ምሁሩ፦ ከሚበሉት።

እርጋታ፦ አሃ።

ምሁሩ፦ ምን አሃ ትላለህ?

እርጋታ፦ ምንም። ዘበኛም ሰው ነው፣ መብላቱ አይቀርም ብዬ ነው።

ምሁሩ ይህን እንዳልሰማ አለፈው። ነገሩን ለማፋጠን ሌላ ዘዴ አሰበ፤ ባትሪን እንደ ወሬ የሚጨርስ የለም ብሎ፣ ጥያቄ ያለው ሰው ወደሚደውልበት የመረጃ መስመር ደወለ። መስመሩ ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው ብሎ ሙዚቃ ጀመረ። ምሁሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን መደርደሪያው ላይ ተወው። እርጋታ መስመሩ እንዲህ ተይዞ ሴትዮዋ ቢሞክሩስ ብሎ ጠየቀ። ምሁሩም መስመሩ የተያዘ ሰው ተፈላጊ ሰው መሆኑን፣ ደውለው ቢያጡት እንኳ ክብሩ እንደሚጨምር አስረዳው። በዚህ መሃል የጡረተኛው ሳሙና ሁለተኛ ጊዜ ደረቀ። ምሁሩ ሦስተኛ ቀባው።

[የእርጋታ ስልክ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ይጮሃል። እርጋታ ይነሳል።]

ምሁሩ፦ እንዳትነካው።

እርጋታ፦ እየተደወለ እኮ ነው።

ምሁሩ፦ ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ ይነሳል? በአንድ በኩል እየገባ፣ በሌላ በኩል እየወጣ፣ ባትሪው የቱን ይስማ? አፍህ ሙሉ ጉርሻ ይዘህ ሩጥ ብትባል ትሮጣለህ?

እርጋታ፦ እኔ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው የማወራው።

ምሁሩ፦ ታዲያ ለምን ሞተብህ? ለመሆኑ ማነው?

እርጋታ፦ ቁጥሩን አላውቀውም።

ምሁሩ፦ የማታውቀው ሰው ምን ይፈልግሃል? ማስታወቂያ ነው።

[ምሁሩ በሳሙና ጣቱ ቀዩን ምልክት ይነካል። ስልኩ ዝም ይላል። መደርደሪያው ላይ የመረጃ መስመሩ ሙዚቃ ይቀጥላል።]

እርጋታ፦ ማስታወቂያ ከሆነ በዚህ ሰዓት አይደውልም ነበር።

ምሁሩ፦ ማስታወቂያ ሰዓት አለው? እኔ ለአንተ ብዬ ነው ወንድሜ። ያቺን የቀረችህን ሦስት ፐርሰንት ለማንም አትዝራት።

ሙዚቃው ብዙ ከሄደ በኋላ አንዲት ሴት ቀርባ ምን ልርዳዎት አለች። ምሁሩ ምንም አልፈልግም፣ ያስጠብቁኝ አላት። ልጅቷ ስልኩን ዘጋችበት። መልሶ ደወለ። እንዲህ እያለ ሦስት ጊዜ ከተዘጋበት በኋላ ስልኩ አምስት፣ አራት፣ ሁለት እያለ መጣ። ምሁሩ ምላጩን ይዞ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ጡረተኛው አይኑን ጨፈነ።

[ሙዚቃው መሃሉ ላይ ይቆረጣል። የምሁሩ ስልክ ስክሪን ይጠቁራል።]

ምሁሩ፦ ዜሮ። ቶሎ በል፣ ንቀል ያንተን።

[በዚያው ቅጽበት የእርጋታ ስልክ እንደገና ይጮሃል።]

እርጋታ፦ የቅድሙ ቁጥር ነው። አንዴ ሃሎ ልበልና ልንቀል።

ምሁሩ፦ ደቂቃው እያለፈ ነው።

እርጋታ፦ ሁለቴ የደወለ ሰው ጉዳይ ይኖረዋል ጋሼ።

ምሁሩ፦ ሁለቴ የሚደውል ሥራ ፈት ነው። ቁምነገር ያለው ሰው አንዴ ደውሎ ይጠብቃል።

[ገመዱን ይነቅላል። የእርጋታ ስልክ ጩኸቱን ሳይጨርስ ይጠፋል። ምሁሩ በቦታው የራሱን ይሰካል። እርጋታ ስልኩን አንስቶ፣ ገመዱን በእጁ ላይ ጠቅልሎ ወደ በሩ ይሄዳል።]

ምሁሩ፦ ወዴት ነው?

እርጋታ፦ ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ። አንድ ትርፍ ሶኬት አላቸው።

ምሁሩ፦ ሥራ ጥለህ?

እርጋታ፦ ወንበሬ ባዶ ነው። ያንተም ደንበኛ ተኝቷል።

እውነትም ጡረተኛው ግማሽ ፊቱ እንደተላጨ ማንኮራፋት ጀምሯል። ምሁሩ ሊላጨው ፈለገ፤ ግን ችግር ገጠመው። ዘይት በጠጣው ቀዳዳ ውስጥ ገመዱ አልረጋ አለው። ሲለቀው ይወጣል፤ ሲወጣ ሕክምናው ይቋረጣል። ስለዚህ በአውራ ጣቱ ገፍቶ ይዞት ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በሌላው እጁ ምላጩን ይዟል። ወንበሩ ሁለት እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ ግን አይደርስበትም።

እዚያ ቆሞ ሆቴሉን አሰበ። ትልልቅ መስታወቶች፣ ሙቅ ውሃ የሚወጣባቸው ቧንቧዎች፣ ደረቱ ላይ ስሙ የተጠለፈበት ነጭ ካፖርት ታየው። ሚስቱ ትናንት ቁርስ ላይ ምንም አልጠየቀችውም ነበር፤ ወሩ ስንት ቀን ቀረው ብቻ ነው ያለችው፣ ያውም ለራሷ እንደምታወራ አድርጋ። ያቺ ጥያቄ እስካሁን ደረቱ ውስጥ አለች። ዛሬ ቤት ገብቶ ምን እንደሚላት ቃል በቃል አዘጋጅቷል። እንዳይሳካ የሚለው ሐሳብ ሲመጣበት ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ይገፋዋል። ፈርቶ ነበር፤ ፍርሃቱን ደግሞ ባትሪው ላይ አሳበበ።

እርጋታ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ነበረበት። ስልኩና ገመዱ አብረውት የሉም፤ ልብስ ሰፊው ዘንድ ትቷቸዋል።

እርጋታ፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።

ምሁሩ፦ ቆይ፣ ሠላሳ አንድ ገብቷል። አሁን እጄ ከተንቀጠቀጠ አለቀልኝ።

እርጋታ፦ አጭር ነገር ናት።

ምሁሩ፦ አጭር ከሆነች ትቆያለች። ይልቅ የኔን ሰውዬ ጨርስልኝ፤ እኔ እንደምታየው ሥራ ላይ ነኝ።

እርጋታ እጁን ታጠበ። ጡረተኛውን ሳይቀሰቅስ ፊቱን በሙቅ ፎጣ አረጠበ፣ አዲስ አረፋ ቀባው፣ የቀረውን ጉንጭ ላጨ፣ ከአፍንጫው በታች ሲደርስ እስትንፋሱን ያዘ። ሁለተኛ ሊነግረው ሲሞክር ምሁሩ ስልሳ ላይ ነበር። ሦስተኛው ላይ ሰማንያ ሁለት ደርሶ ስለነበር እርጋታ ገና አፉን ሲከፍት በጣቱ ዝም አሰኘው። ጡረተኛው ነቅቶ ፊቱን ዳበሰ፣ የእርጋታን እጅ ጨብጦ አመስግኖ ወጣ። ምሁሩን አልተሰናበተውም።

[ምሳ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ምሁሩ አውራ ጣቱን ከገመዱ ያላቅቃል። ጣቱ ነጥቷል። ስልኩን ይከፍታል።]

ምሁሩ፦ መቶ። ና ተመልከት። መቶ። አሁን ይደውሉ።

እርጋታ፦ ጤንነቱስ ስንት ሆነ?

ምሁሩ፦ ጥሩ ጥያቄ ጠየቅክ፣ እየገባህ መጣ። ሴቲንግ። ባትሪ። ጤንነት።

እርጋታ፦ ዘጠና።

ምሁሩ፦ ዘጠና አንድ ነበር።

እርጋታ፦ አንድ ወርዷል።

ምሁሩ፦ ከሕክምና የወጣ ሰው መጀመሪያ ትንሽ ይከሳል።

[ስልኩ ድምፅ ያሰማል። አንድ መልእክት፣ ከዚያ ሌላ። ያልተነሱ ጥሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ቁጥር። ምሁሩ ቁጥሩን ሲያይ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ የካፖርቱን ቁልፍ ይቆልፋል፣ መልሶ ይደውላል።]

ምሁሩ በስልኩ ብዙ አልተናገረም። ስሙን አለ፣ ማዕረጉን አለ፣ ይቅርታ መስመሬ ተይዞ ነበር አለ። በዚያ በኩል ያለችው ጸሐፊ ቦታው መሞላቱን፣ ስለ ትዕግሥቱ እንደሚያመሰግኑ ነገረችው። ማን እንደተቀጠረ ሲጠይቃት በመገረም፣ አብሮዎት የሚሠራው ልጅ እኮ ነው አለችው። ምሁሩ ስልኩን ቀስ ብሎ አወረደ። ሄዶም ደንበኛ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ምሁሩ፦ ሰው አግኝተናል አሉኝ።

እርጋታ፦ አዎ።

ምሁሩ፦ አዎ ማለት ምን ማለት ነው?

እርጋታ፦ ልነግርህ ስል ሠላሳ አንድ ላይ ነበርክ። ከዚያ ስልሳ። ከዚያ ሰማንያ ሁለት።

ምሁሩ፦ ቁጥርህን ከየት አመጡት?

እርጋታ፦ ከቅጹ ነው። ልብስ ሰፊው ዘንድ እንደሰካሁት ጮኸ። ሴትዮዋ ራሳቸው ናቸው። «የምሁሩ ጸሐፊ ነህ?» አሉኝ። ጸሐፊ መሆኔን ያኔ ነው የሰማሁት።

ምሁሩ፦ እና ምን አልካቸው?

እርጋታ፦ እንዳላሳፍርህ ብዬ አዎ አልኩ። «አለቃህ ቅድም ተይዞ ነበር፣ አሁን ደግሞ ተዘግቷል፤ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ። ባትሪው እንዳይጎዳበት ነው አልኳቸው። «ይህን ያህል የሚቆጥበው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

ምሁሩ፦ ምን መለስክ?

እርጋታ፦ ለእርስዎ ጥሪ ነው አልኳቸው።

[ከጎረቤት የልብስ ስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል።]

ምሁሩ፦ ሳቁ?

እርጋታ፦ አልሳቁም። የአባታቸውን ፀጉር የቆረጠው ማን እንደነበር ጠየቁኝ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ ያስረዳው እሱ ነው አልኳቸው።

ምሁሩ፦ ልታገናኘኝ አትችልም ነበር? ሁለት እርምጃ ነው እኮ።

እርጋታ፦ ባትሪ እያከመ ነው፣ ልጥራው ብያቸዋለሁ። ሕክምና ላይ ነው ካልክ አትረብሸው አሉኝ።

ምሁሩ፦ አንተ እኮ የሞተ ባትሪ ነው ያለህ። ይህንን አያውቁም።

እርጋታ፦ ያውቃሉ፣ ጠይቀውኛል። «ያንተስ ባትሪ እንዴት ነው?» አሉኝ። ሞቷል አልኳቸው። «ታዲያ እንዴት አነሳኸው?» አሉኝ። ከአጠገቡ ስለማልርቅ ነው አልኳቸው። «ሰኞ ሥራ ግባ» አሉኝ።

[ምሁሩ በመስታወቱ ውስጥ ራሱን ያያል። እርጋታ መጥረጊያውን አንስቶ ወለሉ ላይ የወደቀውን ፀጉር መጥረግ ይጀምራል፤ እንደ ልማዱ፣ ሳይቸኩል።]

ምሁሩ፦ እኔስ? ስለ እኔ ምንም አላሉም?

እርጋታ፦ ረዳት ያስፈልግሃል ወይ አሉኝ። ሃያ ዓመት የሠራ፣ የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው አለኝ አልኳቸው። ደስ አላቸው። በዚህ ሳምንት ደውለን እናነጋግረዋለን፣ ቁጥሩን ስጠን አሉኝ።

ምሁሩ፦ ሰጠሃቸው?

እርጋታ፦ የራሴን ሰጠኋቸው ጋሼ።